ከአዲስ አበባ በብስክሌት መውጣት፦ አምስቱ በሮች፣ ዳገታቸውና መመለሻቸው

ከአዲስ አበባ በብስክሌት ለመውጣት ያሰበ ሰው አስቀድሞ «የት ልሂድ?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅ ያለበት ግን «በምን ጉልበት ልመለስ ነው?» ብሎ ነው። ነገሩ ከከተማዋ አቀማመጥ ይመጣል። ሰሜኗን እንጦጦ ዘግቶታል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ እየተንሸራተተች አቃቂ ትደርሳለች። መስቀል አደባባይ አካባቢ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። የእንጦጦ ጫፎች 3,000 ሜትርን ያልፋሉ፤ ቢሾፍቱ ደግሞ 1,920 ሜትር ላይ ናት። ወደ ደቡብ የወጣ ሰው ጠዋት ሳይደክም ይወርድና ዕዳውን ቀትር ላይ በዳገት ይከፍላል። ወደ ሰሜን የወጣው ዕዳውን ጠዋት ጉልበቱ ሳይነካ ይከፍላል።

ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሾፍቱ የሄድነው ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተነሳን፤ ቁልቁለቱ አታልሎን በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረስን። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ምሳ በላን፤ 7 ሰዓት ላይ ለመመለስ ተነሳን። ዱከምን ሳናልፍ ውሃችን አለቀ። ገላን ስንደርስ ጓደኛዬ ከብስክሌቱ ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ ፊቱ ላብ እንኳ አልነበረውም፤ ደርቆ ነበር። አንድ የሚኒባስ ሾፌር አይቶን ቆመና ብስክሌቶቻችንን ፖርቶመጋላው ላይ አስሮ ቃሊቲ ድረስ አመጣን። ከዚያ ቀን ጀምሮ መመለሻውን ሳላሰላ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ከዚህ በታች ያለውም በዚሁ መንገድ የተሰላ ነው። የተጻፈው በኮርስ ብስክሌት አስፋልት ለአስፋልት ለሚሄድ ሰው ነው፤ ማውንቴን ያለውም ፍጥነቱን ቀንሶ አስልቶ ሊጠቀምበት ይችላል።

መጀመሪያ፦ ቀንና ሰዓት

እሁድ ጠዋት ውጡ። የሥራ ቀን ላይ የከተማዋ መውጫዎች ሁሉ በሲሚንቶ፣ በአሸዋና በኮንቴይነር መኪና የተሞሉ ናቸው። ቅዳሜም ከእሁድ አይሻልም፤ በዙሪያው ያሉ ብዙ ከተሞች ገበያ የሚውሉት በዚያ ቀን ስለሆነ ከብቱ፣ አህያውና ጋሪው አስፋልቱን ይዞት ይገኛል።

ከቤት የምትነሱት 12 ሰዓት ላይ፣ ብርሃን ሲወጣ ነው። ሳይነጋ አትውጡ። የመንገድ መብራት ከከተማው ጫፍ ወዲያ የለም፤ እንጦጦና ሱሉልታ በኩል ደግሞ ጅብ ወደ ጉድጓዱ ያልገባበት ሰዓት ነው። ስትመለሱ የከተማውን በር ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ማለፍ አለባችሁ። ሚኒባሱና ባጃጁ ከዚያ በኋላ ይበዛል፤ ፀሐዩም በዚህ ከፍታ ቆዳ ያቃጥላል።

በክረምት፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋቱን መጠቀም ይቻላል። ግን የጭነት መኪና ከግንባታ ቦታ ያንጠባጠበው ጭቃ አስፋልቱ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ጎርፍ የሞላውም ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታይም። ውሃ የተኛበትን ቦታ ሁሉ ጉድጓድ ነው ብላችሁ እለፉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ውርጭ ይጥላል፤ ጣት ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅታል። ጓንት አድርጉ። ከሁሉ የምወደው ወር መስከረም ማብቂያና ጥቅምት ነው፦ ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ሆኖ፣ አየሩ ከአቧራ ጸድቶ።

የበዓል ዋዜማዎችን ተዉ። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ሲቃረቡ በጉና በሬው ወደ ከተማ ሲነዳ መንገዱ የእናንተ አይደለም። ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር ያን ቀን የቢሾፍቱን መንገድ አታስቡት፤ በዋዜማው ቅዳሜም በዓሉ አዲስ አበባ ላይ ነው።

በጊዜያችን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የመንገዱ ሰላም። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ጉዞ ካሰባችሁ በዋዜማው መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን ጠይቁ። እነሱ «ዛሬ አትሂዱ» ካሉ ነገሩ አልቋል።

ሁለተኛ፦ ብስክሌቱ

ዋናው ነገር ጎማ ነው። በቀጭን 23 ሚሊ ሜትር ጎማ የአዲስ አበባን ዙሪያ መሄድ ራስን ማሰቃየት ነው፤ ቢያንስ 28፣ ፍሬሙ ከፈቀደ 32 ግጠሙ። 70 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው በ28 ጎማ ከ70 እስከ 80 ፒ.ኤስ.አይ. አየር ይበቃል። ድንጋይ እስኪመስል መሙላት ፍጥነት አይጨምርም፤ በጠጠር ላይ ያዘልላል እንጂ። በእነዚህ መንገዶች ጎማ የሚበሳው በብዛት እሾህ አይደለም፤ የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ ጥሎት የሚሄደው ፀጉር የሚያህል ሽቦ ነው። ስለዚህ ካላማዳሪያ ስትቀይሩ የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ዙሪያውን ሳትዳስሱ አትግጠሙ፤ ሽቦው እዚያው ተሰክቶ አዲሱንም ይበሳዋል።

ይዛችሁ የምትወጡት፦ ሁለት ካላማዳሪያ፣ የመጣፊያ ማስቲሽና ላስቲክ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ የእጅ ፓምፕ፣ የካቴና መፍቻ፣ የአለን ቁልፎች። አንድ ትንሽ ነገር ግን ብዙ ሰው ይረሳታል። በየከተማው ጎሚስታ አለ፤ ጎሚስታው ግን የመኪና ጎማ ነው የሚሞላው። የኮርስ ብስክሌት ቀጭን ቫልቭ ከእሱ ኮምፕረሰር ጋር አይገጥምም። አፉ ላይ የሚጠመዘዝ የጣት ጫፍ የምታህል የነሐስ ማገናኛ አለች፤ ከቫልቩ ጋር አስራችሁ ያዟት። ሰንዳፋ ላይ ፓምፔ ተሰብሮብኝ ያዳነችኝ እሷ ናት።

ማርሹን በተመለከተ የኋላው ትልቁ 28 ጥርስ ቢኖረው ለሰንዳፋና ለሆለታ ይበቃል። እንጦጦን የምትወጡ ከሆነ 32 ይሁን። ፍሬኑን ከመውጣታችሁ በፊት ሁለቱንም በየተራ ይዛችሁ ብስክሌቱን ግፉት፤ የተያዘው ቸርኬ መንቀሳቀስ የለበትም። ሄልሜት፣ ከኋላ ቀይ መብራት (በቀንም ይብራ)፣ አንጸባራቂ ሰደርያ። እነዚህ ሦስቱ አይደራደሩም።

ሦስተኛ፦ ስንቅ

ሁለት ኮዳ ውሃ በየሰዓቱ ከግማሽ ሊትር በላይ ለመጠጣት። ውሃ በየከተማው ይገኛል፤ ችግሩ ሰው የሚጠጣው ከጠማው በኋላ መሆኑ ነው። አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ላቡ ሳይታወቅ ይደርቃል።

ለምግብ በሶን የሚያህል የለም። ገብሱ በደንብ ተቆልቶ የተፈጨ በሶ፣ ማርና ትንሽ ጨው፣ በጥቂት ውሃ ታሽቶ ጭብጦ ሲሆን ኪስ ውስጥ ሳይበላሽ ይውላል። ጉልበቱም ቀስ ብሎ ነው የሚለቀቀው። ግማሽ ጭብጦ በየ45 ደቂቃው፣ ሳይርባችሁ። ካልጾማችሁ ጭኮም እንዲሁ ያስኬዳል፤ ቅቤው ግን ለአንዳንድ ሆድ በዳገት ላይ ይከብዳል። ሙዝ ከመንገድ ይገዛል።

ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ሳታርፉ አትጀምሩ። 2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ሳንባ ይህን እስኪለምድ እግር ብቻውን አያስኬድም።

አራተኛ፦ በሩን ምረጡ

ከዚህ በታች ያስቀመጥኩት በቅደም ተከተል ነው፤ መመለሻው ከሚቀልለው ወደሚከብደው። ርቀቶቹ ከመሀል ከተማ የተለኩ ናቸው።

*ምሥራቅ፤ ሰንዳፋ (38 ኪ.ሜ. ገደማ)።* ጀማሪ ሁሉ ከዚህ ይጀምር። እስከ መገናኛ ድረስ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ከተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ባገኛችሁት ውጡ። ከዚያ ጉርድ ሾላ፣ ሲኤምሲ፣ አያት፤ የቀላል ባቡሩን ሐዲድ በግራ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። አያት ላይ ባቡሩ ያበቃል፤ ለገጣፎም ይመጣል። ለገጣፎ የባጃጅ አገር ነው፤ በዝግታ እለፉት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይጠባል፤ ሜዳው ግን ይከፈታል። የአዲስ አበባ መጠጥ ውሃ ከሚመጣባቸው ግድቦች አንዱ ለገዳዲ በዚሁ በኩል ነው። ከዚያ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል እርሻ፣ ጤፍና ስንዴ፣ የባሕር ዛፍ አጥር።

ይህን መንገድ ለጀማሪ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። ሰንዳፋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከአያት ከፍ ትላለች፤ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ያመዝናል። በበጋ ደግሞ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ጠዋት ገና ሳይበረታ ፊታችሁን ሰጥታችሁት ትሄዳላችሁ፤ ረፋድ ላይ ሲበረታ ከጀርባ ይገፋችኋል። ጀርባችሁን ነፋስ እየገፋ ለገጣፎ ስትገቡ የብስክሌትን ደስታ ታውቁታላችሁ። ፖሊስ ዩኒቨርሲቲው ያለባት ሰንዳፋ ሻይና ዳቦ፣ ከፈለጋችሁም ፍርፍር አለ፤ ብዙ አትቀመጡ። በዚህ መንገድ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሳችሁ እግራችሁ ካልተቆጣ አለልቱ፣ ከዚያም ሸኖ ድረስ ማራዘም ይቻላል። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ 2,840 ሜትር ላይ። እሱ አዳር የሚጠይቅ ጉዞ ነው፤ ብርዱም ይታሰብበት።

*ሰሜን፤ እንጦጦና ሱሉልታ።* ሁለት መንገድ አለው፤ አትቀላቅሉት። አንደኛው በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ነው። አጭር ነው፤ ግን ከተማዋ ካሏት ዳገቶች ሁሉ የጸና ነው። ይህን እንደ ልምምድ ያዙት እንጂ እንደ ጉዞ አይደለም። በጣም በቀላሉ ማርሽ፣ ተቀምጣችሁ፣ ትንፋሻችሁ እስኪመለስ እየቆማችሁ ውጡ። ኩርባ ላይ ዚግዛግ እየሠራችሁ አትውጡ፤ ከላይ የሚወርድ መኪና አያያችሁም። ጠዋት ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታገኛላችሁ። ሸክሙ ከጀርባቸው በሁለቱም በኩል ስለሚወጣ መንገዱን ይሞላል፤ ዘወር ማለት አይችሉም፤ ዘወር ማለት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ደወል አትደውሉባቸው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት እዚህ ማርያም ላይ ነው፤ ጫፍ ላይ ደርሶ ወደ ታች ከተማዋን ማየት ለዳገቱ ይበቃል። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥም የብስክሌት መንገድ አለ፤ ልጆች ላሏችሁ እሱ ይሻላል።

ሁለተኛው የጎጃም መንገድ ነው፦ አዲሱ ገበያ፣ ዳገቱ፣ ከዚያ ወደ ሱሉልታ ሜዳ። ዳገቱ እንደ ሽሮ ሜዳው አይጸናም፤ ይረዝማል ግን። ከጫፉ ሲወርዱ ሜዳው ሰፊና ነፋሻ ሆኖ ይጠብቃል። ሱሉልታ የአትሌቶቻችን መለማመጃ ነው። በማለዳ በመንገዱ ዳር በቡድን የሚሮጡ ሲያጋጥሟችሁ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ከሩቅ ድምፅ ሰጥታችሁ፣ በሰፊው እለፏቸው። መሀላቸው አትግቡ፤ የእነሱ ሰዓት እየተያዘ ነው። እዚህ ትኩስ ወተትና እርጎ በየቡና ቤቱ አለ (ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ)። ጉልበት ያለው ጫንጮ ድረስ ይቀጥላል፤ ከከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መመለሻው ከሜዳው ወደ ጫፉ ትንሽ ዳገት አለው፤ ከዚያ ወደ አዲሱ ገበያ መውረድ። ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ቁልቁለቱ ላይ የጭነት መኪኖች ፍሬናቸው ስለሚግል ይሸታል፤ ያ ሽታ ሲመጣ ከኋላችሁ ያለው መኪና መቆም ላይችል ይችላል ማለት ነው። ከአስፋልቱ ውጡና አሳልፉት። ፍሬናችሁንም ሳታቋርጡ አትያዙት፤ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ።

*ምዕራብ፤ ገፈርሳ፣ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም።* ለኔ ይህ ከሁሉም የሚያምረው ነው። በዊንጌት፣ በአስኮ አድርጋችሁ ቡራዩ ትደርሳላችሁ። ቡራዩ ላይ መጨናነቁ ያሰለቻል፤ ታገሱት። 18 ኪሎ ሜትር ላይ የገፈርሳ ግድብ በባሕር ዛፎቹ መሀል ብልጭ ይላል፤ በማለዳ ውሃው ላይ ጉም ተኝቶ ወፎቹ ሲጮሁ ቆማችሁ ሳታዩ አትለፉ። ከዚያ በመናገሻ አድርጎ ወደ ሆለታ ይወርዳል፤ በግራ የወጨጫ ተራራ ከናንተ ጋር ይሄዳል። ሆለታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዲስ ዓለም 55 ኪሎ ሜትር ነው።

አዲስ ዓለምን ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ነበር። ምክንያቱ ማገዶ ነው፤ አዲስ አበባ ደኗን ጨርሳ ስለነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ ከተማዋን በቦታዋ አቆያት፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የምትሄዱበትም መንገድ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው፤ ምኒልክ ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት ያሠሩት። የባሕር ዛፍ ጥላ ለጥላ እየሄዳችሁ ይህን ስታስቡ ዛፉም መንገዱም ሌላ ነገር ይሆናል።

አሁን መመለሻው። ሆለታ 2,400፣ ገፈርሳ ደግሞ 2,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ስትመለሱ 200 ሜትር ትወጣላችሁ፤ የምሥራቁም ነፋስ በዚያ ሰዓት ፊት ለፊት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ሆለታን ከሰንዳፋ እጥፍ ያደርጉታል። ሆለታ ላይ የምትቀመጡት ከ15 ደቂቃ አይብለጥ፤ አዲስ ዓለምን ለመድረስ ካሰባችሁ ደግሞ ቤት የምትገቡበትን ሰዓት በሁለት ሰዓት አራዝሙት። በቡድን ከሆናችሁ በነፋሱ ጊዜ በአንድ ረድፍ ሆናችሁ ፊት የሚሆነውን በየሁለት ሦስት ደቂቃው ቀያይሩ።

*ደቡብ፤ ቢሾፍቱ (45 ኪ.ሜ. ገደማ)።* ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው፤ ስህተቱም እዚህ ነው። ወደ አዳማ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት የተከለከለ ነው፤ የምትሄዱት በአሮጌው ነው፦ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ገላን፣ ዱከም። ይህ መንገድ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣውን ኮንቴይነር ይሸከማል፤ ፋብሪካውም ብዙ ነው። ከእሁድ በቀር ለብስክሌት አልመክረውም። በእሁድ ማለዳ ግን ቢሾፍቱ ገብቶ የባቦጋያን ወይም የሆራን ሐይቅ ከላይ ማየት፣ በስተደቡብ ዘቋላን በጠራ ሰማይ ማየት የሚያስቆጭ አይደለም።

የመመለሻው ሂሳብ 430 ሜትር ወደ ላይ ነው፤ በ45 ኪሎ ሜትር ላይ የተበተነ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዓይንም ሜዳ ነው ይላል። እግር ግን ያውቀዋል። ወይ 3 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ተነስታችሁ ተመለሱ፤ ወይ እዚያው አድራችሁ ሰኞን ዕረፍት ውሰዱ፤ ወይም በሚኒባስ ተመለሱ። በሚኒባስ ከሆነ ከረዳቱ ጋር ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፤ የፊት ቸርኬውን አውልቁት፤ የኋላውን የማርሽ መቀየሪያ ወደ ላይ አድርጋችሁ ራሳችሁ እሰሩት። ገመድና አሮጌ ፎጣ ይዛችሁ ውጡ።

*ደቡብ ምዕራብ፤ መልካ ቁንጥሬ (50 ኪ.ሜ. ገደማ)።* ይህን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ መንገዱም ልብም የሚፈልግ ስለሆነ። አየር ጤና፣ ዓለም ገና፤ ዓለም ገና ላይ የጅማውን መንገድ ትታችሁ የቡታጅራውን ያዙ። የከተማው ጫጫታ ካለቀ በኋላ የምታገኙት ሰፊ ሜዳ ነው፤ ጥላ የለውም፤ ኮፍያችሁን ከሄልሜት ሥር አድርጉ። መጨረሻ ላይ መንገዱ ወደ አዋሽ ወንዝ ይወርዳል።

እዚህ ወንዝ ዳር ሰው ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ድንጋይ እየጠረበ ኖሯል። መሣሪያውን የሚሠራበት ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ባልጩት ነው፤ ድንጋዩ የሚወጣበትም ቦታ ባልጩት ይባላል። መልካ ቁንጥሬና ባልጩት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሙዚየም አለ፤ ጊዜ ስጡት። አዋሽን ድልድዩ ላይ ቆሞ ማየት ለኔ ልዩ ነገር አለው። ከጊንጪ በኩል ተነስቶ እዚህ ድረስ የመጣው ወንዝ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ ሐይቅ ላይ ነው የሚያበቃው።

ከወንዙ የሚወጣው ዳገት አጭር ግን ስለታም ነው፤ ወዲያው ከተቀመጣችሁበት ተነስታችሁ አትጋፈጡት፤ አሥር ደቂቃ ሜዳው ላይ እግር አሙቁ። ከዚያ እስከ ዓለም ገና ያለው ቀስ እያለ የሚወጣ ነው። ወደ ጢያ ትክል ድንጋዮች ለመቀጠል የሚፈልግ አዳሩን አስቦ ይሂድ፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይሞከርም። ወደ አዳዲ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያን የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ ኮረኮንች ነው፤ ለኮርስ ጎማ አይሆንም።

አምስተኛ፦ ከመኪና ጋር መኖር

ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ሜትር ገባ ብላችሁ ሂዱ። ጠርዙን ታክካችሁ ከሄዳችሁ ሾፌሩ በዚያው መስመር ሊያልፋችሁ ይሞክራል፤ ጠርዙ ደግሞ በብዙ ቦታ ተሰብሮ ከአፈሩ በአንድ ስንዝር ይበልጣል። አንድ ሜትር ገባ ያለ ሰው ማምለጫ ቦታ አለው። ከባድ መኪና ሲያልፍ መጀመሪያ ይገፋችኋል፤ ጅራቱ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ራሱ ይስባችኋል። መሪውን ሳታጠነክሩ፣ ክርናችሁን አላልታችሁ ያዙት።

ሚኒባስን ከኋላው ስትከተሉ መኪናውን ሳይሆን ረዳቱን ተመልከቱ። አንገቱን ካወጣ ተሳፋሪ አይቷል፤ በሚቀጥሉት አሥር ሜትሮች ውስጥ ወደ ዳር ይቆርጣል። ውስጥ «ወራጅ አለ!» የተባለውን እናንተ አትሰሙም። ከቆመ ሚኒባስ በስተቀኝ በፍጹም አትለፉ፤ በሩ ይከፈታል።

አንዳንድ ሾፌር ብስክሌተኛን መንገድ የሰረቀው ሰው አድርጎ ያየዋል። ብስክሌት ግን ለዚህ አገር አስፋልት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ከሄዱት ስፖርተኞቻችን መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌተኞች ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ተሰልፏል። መንገዱ የናንተም ነው፤ ግን መብቱን ከ30 ቶን መኪና ጋር በእልህ አታስከብሩት። እጅ አንስታችሁ አመስግኑ፤ አሳልፉ። ከከተማ ሳትወጡ ለመለማመድ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገው «መንገድ ለሰው»፣ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት የሚለቀቁበት ቀን፣ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ስድስተኛ፦ ሰውና ውሻ

ከከተማው በር ወዲያ ያለው ሰው አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ጠዋት «አካም ቡልተን» ብላችሁ እለፉ፤ ውሃ ለሰጣችሁ «ገለቶማ» በሉ። ልጆች ሮጠው ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ያነሳል። ከሩቅ ሰላምታ የሰጠኋቸው ልጆች ወርውረውብኝ አያውቁም፤ ጭንቅላቴን ደፍቼ ሳልፍ ግን ተወርውሮብኛል። ብስክሌታችሁን መንካት ከፈለጉ አስነኳቸው።

ውሻ ሲያባርራችሁ ዳገት ላይ ማምለጥ አይቻልም። ውረዱ፤ ብስክሌቱን በእናንተና በእሱ መሀል አድርጉ፤ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። ብዙው በዚህ ይመለሳል። ባለቤቱ ካለ «አባባ፣ ውሻዎን ይያዙልኝ» በሉ፤ ይይዙላችኋል። ከነከሳችሁ ግን ትንሽ ጭረት ብላችሁ አትተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም መድኃኒት የለውም። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በወራጅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ክትባቱን ጀምሩ። ለአደጋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ስልካችሁ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤተሰብ ስልክ ጋር ኪሳችሁ አድርጉት።

ቤት ስትገቡ

ከመተኛታችሁ በፊት ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የዚህ አገር ቀይ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ማርሹን ይበላዋል፤ በክረምት ጭቃው ይብሳል። ጎማውን በዝግታ አሽከርክራችሁ የተሰካ ሽቦ ካለ በፒንሳ ንቀሉ፤ ዛሬ ያልበሳው የሚቀጥለው እሁድ ለገጣፎ ላይ ይበሳል። ከዚያ ደብተር ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት እንደወጣችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደዞራችሁ፣ የመመለሻው የመጨረሻ 10 ኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ እንደፈጀ። ያ የመጨረሻው ቁጥር በሁለት እሁድ ካልጨመረ ወደሚቀጥለው በር ማለፍ ትችላላችሁ።